ሦስተኛው ስትራይክ ከጓንት ሲያመልጥ፦ ለጀማሪ የሶፍትቦል ዳኛ

ልጅዎ ሶፍትቦል ስትጀምር መጀመሪያ የሚጠየቁት ውኃና ብርቱካን ይዘው እንዲመጡ ነው። ቀጥሎ የጨዋታውን መዝገብ እንዲይዙ ይለመናሉ። ቆይቶ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ዳኛ ይጎድልና የአሠልጣኙ ዓይን ዞሮ ዞሮ እርስዎ ላይ ያርፋል። በሜሪላንድና በሰሜን ቨርጂንያ ልጆቻቸውን ሜዳ የሚያመላልሱ የእኛ ሰዎች ይህን አሳምረው ያውቁታል። እምቢ ማለት ይቻላል፤ ግን ልጆቹ ለብሰው ቆመዋል።

ቦልና ስትራይክ መጥራት እየዋለ እያደር ይለመዳል። ሁለት ነገሮች ግን የቆየውንም ዳኛ ያምታታሉ። አንደኛው ካቸሯ ሳትይዘው የቀረችው ሦስተኛ ስትራይክ ነው። ሁለተኛው መቺዋ ጀምራ የገታችው ምት፣ ቼክ ስዊንግ የሚሉት ነው። ለየብቻ ሲመጡ እዳቸው ገብስ ነው። በአንድ ኳስ ላይ ሲገናኙ ግን ሜዳው ይደበላለቃል፦ መቺዋ ልሩጥ አልሩጥ ትላለች፣ ካቸሯ ኳሱን ፍለጋ ትዞራለች፣ ሁለቱም አሠልጣኞች በአንድ አፍ ይጮኻሉ፣ ወንበር ዘርግቶ የተቀመጠው ወላጅም የቴሌቪዥን ቤዝቦል ያስተማረውን ሕግ ያውጃል።

እኔ እንደማየው ከእነዚህ ጭቅጭቆች አብዛኞቹ የሚነሡት ዳኛው ሕጉን ስላላወቀ አይደለም። ስለዘገየ ወይም ቃሉን ስለዋጠ ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች የተደረደሩት በሰዓቱ ቅደም ተከተል ነው፤ ከጨዋታው በፊት ከሚጠየቀው ጀምሮ ኳሱ መሬት ነክቶ አቧራው እስኪበርድ።

ደረጃ 1፦ ሕጉ በዚህ ጨዋታ ላይ መኖሩን ያረጋግጡ

ያልተያዘ ሦስተኛ ስትራይክ የፋስትፒች ሕግ ነው። ኳሱ በቀስታ ከፍ ብሎ በሚወረወርበት በስሎፒች የለም፤ እዚያ ሦስተኛ ስትራይክ ከተባለ ተያዘ አልተያዘ መቺዋ አውት ናት። በፋስትፒችም ቢሆን ትንንሾቹ ላይ ብዙ ሊጎች ሕጉን ያነሡታል። በሊትል ሊግ ለምሳሌ የማይነር ክፍል ልጆች አይሮጡበትም፤ ሜጀር ሲደርሱ ይጀምራል። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የራሳቸው መጽሐፍ አላቸው፣ ዩኤስኤ ሶፍትቦልም የራሱ አለው፣ የካውንቲ ሊጉ ደግሞ በላዩ ላይ አንድ ገጽ ማስተካከያ ያክልበታል። «የትኛው መጽሐፍ ነው? ያልተያዘ ሦስተኛ ስትራይክ አለ ወይ?» ብለው ሁለቱን አሠልጣኞች ጎን ለጎን አቁመው ይጠይቁ። አንዱን ለብቻው ጠይቀው ሌላኛው በአራተኛው ኢኒንግ ላይ «እኔ አልሰማሁም» ካለ ጥፋቱ የእርስዎ ይሆናል።

የቤዝ ዳኛ አብሮዎት ካለ፣ መኪናው ኮፈን ዘንድ ማስክዎን ሲያጠብቁ ሁለት ምልክቶች ይስማሙ። ኳሱ መሬት ከነካ ጣቱን ወደ መሬት ይጠቁም፤ በንጹሕ ከተያዘ ጭብጡን ሆዱ አጠገብ ያሳይ። በካቸሯ ትከሻ ተጋርደው ምንም ያላዩበት ኳስ መምጣቱ አይቀርም፣ ያን ጊዜ ይህ ትንሽ ስምምነት ያወጣዎታል።

ደረጃ 2፦ ከውርወራው በፊት ሁለት ነገር ይቁጠሩ

ሁለተኛው ስትራይክ እንደገባ በግራ እጅዎ ያለውን ቆጣሪ ይመልከቱና ለራስዎ ሁለት ጥያቄ ይመልሱ፦ ፈርስት ቤዝ ላይ ሰው አለ? ስንት አውት ነው?

ፈርስት ቤዝ ባዶ ከሆነ መቺዋ ያልተያዘ ሦስተኛ ስትራይክ ላይ መሮጥ ትችላለች፤ የአውቱ ቁጥር ለውጥ አያመጣም። ፈርስት ቤዝ ላይ ሯጭ ካለች ደግሞ መሮጥ የምትችለው ሁለት አውት ከሆነ ብቻ ነው። ዜሮ ወይም አንድ አውት ሆኖ ፈርስት ቤዝ ከተያዘ፣ ኳሱ አጥሩ ድረስ ቢንከባለልም መቺዋ አውት ናት፤ ሌላ ነገር አያስፈልግም።

ይህን በቃል ከማጥናት ምክንያቱን ማወቅ ይሻላል፤ ምክንያቱ ከገባዎት ጭንቅ ውስጥም አይጠፋዎትም። ክልከላው ባይኖር ካቸሯ ሦስተኛውን ስትራይክ ሆን ብላ ትጥለው ነበር። ፈርስት ቤዝ ላይ የቆመችው ለመጪዋ ቦታ ልትለቅ ትገደዳለች፣ ካቸሯም ኳሱን አንሥታ ወደ ሰከንድ፣ ከዚያ ወደ ፈርስት አስወርውራ በአንድ ስትራይክ ሁለት አውት ትሰበስባለች። ሕጉ ሯጯን ከዚህ ተንኮል ይጠብቃታል። ሁለት አውት ሲሆን ግን ለኢኒንጉ መዝጊያ የሚቀረው አንድ አውት ብቻ ነው፤ ተንኮሉ ትርፍ የለውም፣ ጥበቃውም ይነሣል።

እዚህ ላይ ተደጋግሞ የሚሳትበት ነጥብ አለ። የሚቆጠረው ውርወራው ሲወጣ የነበረው ሁኔታ ነው። የፈርስት ቤዝ ሯጭ ኳሱ ከፒቸሯ እጅ እንደወጣ ሰከንድን ልትሰርቅ ብትበር፣ ካቸሯ ኳሱን ስትጥል ፈርስት ባዶ ይመስላል። አሠልጣኙም «ባዶ ነው፣ ሩጪ!» ይላል። አይደለም፤ ለዚህ ሕግ ሲባል ፈርስት ቤዝ እንደተያዘ ነው።

ደረጃ 3፦ መጀመሪያ ምቱን ይፍረዱ

አሁን ኳሱ መጣ። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፒቸሯ የምትወረውረው ከ43 ጫማ ነው፤ ጠንካራ ወርዋሪ ከሆነች ኳሱ ግማሽ ሴኮንድ ሳይሞላው ይደርሳል። ያም ብቻ አይደለም፤ የዚህ ሁሉ ጣጣ እናት ድሮፕ ቦል የሚሉት ውርወራ ነው። ጉልበት ላይ የሚያልፍ መስሎ መቺዋን ያስጀምራትና መጨረሻ ላይ ወደ መሬት ይጠልቃል። መቺዋ ስትጀምር ስትራይክ ይመስላት ነበር፤ ስታየው ልትገታ ትሞክራለች፤ ኳሱም ከካቸሯ ጓንት ፊት አቧራ ያስነሣል። ሁለቱ ችግሮች በአንድ ኳስ የሚመጡት እንዲህ ነው።

ዱላው መቼ «ሄደ» ይባላል? ወላጆች አንድ መስመር ያለ ይመስላቸዋል። አንዱ የፕሌቱ የፊት ጠርዝ ነው ይላል፣ ሌላው የእጅ አንጓ መዞር ነው ይላል። በሕጉ ውስጥ እንዲህ ያለ የተሰመረ መስመር የለም፤ ጥያቄው መቺዋ ኳሱን ለመምታት ሞክራለች ወይስ አልሞከረችም የሚል ነው። ፍርዱን የሚያግዙ አራት ነገሮች አሉ፦ የእጅ አንጓዋ ዞሯል? ዱላው የተመለሰው ኳሱ ካለፈ በኋላ ነው? የዱላው ጫፍ ከሰውነቷ ፊት ወጥቷል? በጠቅላላው ሲታይስ መምታት ነበር ሐሳቧ? አራቱም አዎ ካሉ ቀላል ነው። ሲከፋፈሉ ግን እኔ ለመጨረሻው ጥያቄ አደላለሁ። ሰውነቷ ወደ ኋላ እየሸሸ እጇ ብቻ ተስቦ የወጣባት ልጅና ዳሌዋን ከፍታ ዘግይታ የገታች ልጅ የዱላቸው ጫፍ አንድ ቦታ ሊቆም ይችላል። የሞከረችው ሁለተኛዋ ናት።

በንት ለብቻው ይታያል። በሁለተኛ ደረጃው መጽሐፍ መሠረት ዱላዋን ስትራይክ ዞኑ ውስጥ አጋድማ ከቆየች እንደ ሙከራ ይቆጠራል፤ ኳሱን ማሳለፍ ከፈለገች ዱላውን ወደ ኋላ መሳብ አለባት። በሌላ መጽሐፍ የሚዳኙ ከሆነ ግን ይህን አንቀጽ ቀድመው ይመልከቱት።

ሌላም አንድ ሐሰት ከሜዳ መጥፋት አለበት፦ «ኳሱ መሬት ነክቷል፣ እንዴት ስትራይክ ይሆናል?» የሚለው። ነጥሮ የመጣ ኳስ ላይ ከሰነዘረች ስትራይክ ነው። ሦስተኛ ከሆነም ሦስተኛ ነው፣ ያልተያዘም ነው። የሰነዘረችበት ኳስ ራሷን ቢመታትስ? ኳሱ ይሞታል፣ ስትራይኩ ይቆጠራል፤ ሦስተኛ ከነበረ አውት ናት፣ መሮጥ የለም።

ደረጃ 4፦ ካልታየዎት ሳይለመኑ ይጠይቁ

ምቱን በግልጽ ካዩ ስትራይኩን ራስዎ ይጥሩት። አንዴ ስትራይክ ካሉ ይግባኝ የለውም፤ ይግባኝ የሚባለው ቦል የተባለው ብቻ ነው። ካልታየዎት ቦል ይበሉና የቤዝ ዳኛውን ይጠይቁ። ይህ ድክመት አይደለም። የፕሌት ዳኛ ዓይን ኳሱን ሲከተል ዱላውን ይስታል፤ ከጎን የቆመው ባልደረባ ግን የዱላውን ጫፍ እንደ በር ማጠፊያ ከጎን ያየዋል።

አጠያየቁ ሥርዓት አለው። ማስክዎን ያውልቁ፣ ከካቸሯ ጀርባ አንድ እርምጃ ይውጡ፣ በግራ እጅዎ ባልደረባዎን ጠቁመው በሚሰማ ድምፅ «ዲድ ሺ ጎ?» ይበሉ። እሱም ወይ ጭብጡን አንሥቶ «የስ፣ ሺ ዌንት» ይላል፣ ወይ እጆቹን እንደ ሴፍ ዘርግቶ «ኖ» ይላል። ሁለት ወይም ሦስት የቤዝ ዳኞች ካሉ ለቀኝ መቺ የፈርስቱን፣ ለግራ መቺ የሰርዱን ይጠይቃሉ፤ ያለው አንድ ብቻ ከሆነ የትም ቢቆም እሱን ነው። የሱ መልስ የመጨረሻ ነው፤ ከጠየቁ በኋላ የራስዎን ሐሳብ አይጨምሩበት።

ብዙውን ጊዜ ካቸሯ ወይም አሠልጣኙ እስኪጠይቁ መጠበቅ ችግር የለውም። አንድ ሁኔታ ላይ ግን መጠበቅ አደጋ ነው፦ ሁለት ስትራይክ፣ የተገታ ምት፣ ያልተያዘ ኳስ፣ መቺዋም መሮጥ የምትችልበት ጊዜ። እዚህ ላይ ማንም ሳይለምንዎት ወዲያው ወደ ባልደረባዎ ይጠቁሙ።

ለምን እንደሆነ በአንድ ምሳሌ ይታያል። አንድ አውት ነው፣ ሯጭ ሰከንድ ላይ አለች፣ ፈርስት ባዶ ነው። ድሮፕ ቦሉ ነጥሮ ከካቸሯ እግር መከላከያ ተላትሞ ወደ አጥሩ ይንከባለላል። መቺዋ ገትታለች፤ እርስዎ «ቦል» አሉ። ልጅቷ ሰምታዎታለች፣ ዱላዋን ይዛ ቆመች። ካቸሯ ኳሱን ይዛ ስትመለስ «ጠይቅልን» ትላለች። ጠየቁ፤ ባልደረባዎ ጭብጡን አነሣ። ካቸሯ በሁለት እርምጃ ደርሳ ኳሱን ልጅቷ ላይ አሳረፈች። የአንዱ አሠልጣኝ ጩኸት «አውት ናት!» ነው፣ የሌላው «ዳኛው ራሱ ቦል ብሎ አስቆማት!» ነው። ሁለቱም እውነት አላቸው። ኳሱ ገና እየተንከባለለ ሳለ ጠቁመው ቢሆን ልጅቷ ትሮጥ ነበር፣ ካቸሯም ትወረውር ነበር፣ ጨዋታው ራሱ ይፈርድ ነበር።

ጊዜው ካለፈብዎትስ? ዳኞች ተመካክረው፣ የተለወጠ ወይም የዘገየ ውሳኔ አንዱን ወገን የጎዳበትን ነገር እንዲያስተካክሉ ሕጉ ይፈቅዳል፤ ቀጣዩ ኳስ ከመወርወሩ በፊት ከሆነ። እኔ በእንዲህ ያለ ጊዜ የምመለከተው ኳሱ የት እንደነበር ነው። ካቸሯ እግር ሥር ከነበረ ብትሮጥም አትደርስም ነበር፤ አውቱ ይጸናል። አጥሩ ሥር ከነበረና ልጅቷን ያስቆማት የእኔ ቃል ብቻ ከሆነ ፈርስት ቤዝ እሰጣታለሁ። አንዱ አሠልጣኝ ይቆጣል። ይቆጣ።

ደረጃ 5፦ ተይዟል ወይስ አልተያዘም?

የተያዘ የሚባለው መሬት ሳይነካ እጅ ወይም ጓንት ውስጥ የጸና ኳስ ነው። ነጥሮ ከገባ፣ ካቸሯ በሁለት እጇ አንቃ ብትይዘውም አልተያዘም። ከዱላው ጫፍ ሽው ብሎ በቀጥታ ጓንት ውስጥ የገባ ፎውል ቲፕ ግን የተያዘ ስትራይክ ነው፤ ሦስተኛ ከሆነ አውት ናት። ያው ኳስ ከጓንት ከወደቀ ተራ ፎውል ይሆናል፣ መሮጥም አውትም የለም።

ዝቅ ያለ ኳስ ሲመጣ ካቸሯ ትንበረከክና ጓንቷን በሰውነቷ ትጋርዳለች። ከጓንቱ ይልቅ አፈሩን ይመልከቱ፤ የተነሣ አቧራ አይዋሽም። ካልሆነም መኪናው ዘንድ የተስማሙትን የባልደረባዎን ጣት ይፈልጉ።

ይህ ጥያቄ የትልልቆቹንም ጨዋታ አናግቷል። ኦክቶበር 12 ቀን 2005፣ የቺካጎ ዋይት ሶክስና የሎስ አንጀለስ ኤንጀልስ ቤዝቦል ቡድኖች ለሊጉ ዋንጫ ሁለተኛውን ጨዋታ ያደርጋሉ። ዘጠነኛው ኢኒንግ ነው፣ 1 ለ 1 ናቸው፣ ሁለት አውት ሆኗል፣ ቤዝ ላይ ማንም የለም። ኤ ጄ ፒርዚንስኪ ዝቅ ያለ ኳስ ላይ ሰንዝሮ ሳተ። ካቸሩ ጆሽ ፖል ይዣለሁ ብሎ ኳሱን ወደ ፒቸሩ ጉብታ አንከባለለና መውጣት ጀመረ። የፕሌት ዳኛው ዳግ ኤዲንግስ ግን «አውት» የሚል ቃል አልተናገረም፤ እጁን ዘረጋ፣ ከዚያ ጨበጠ። ኤንጀልሶች ጭብጡን አውት ብለው አነበቡት፤ ለእሱ የስትራይክ ምልክቱ ነበር። ፒርዚንስኪ አንድ እርምጃ ወደ ዳግአውቱ ከሄደ በኋላ ዞሮ ወደ ፈርስት በረረ፣ ሴፍ ተባለ። የተካው ሯጭ ሰከንድን ሰረቀ፣ ጆ ክሪዲ መታ፣ ዋይት ሶክስ 2 ለ 1 አሸነፈ። የቀሩትንም ጨዋታዎች አሸንፎ በዚያው ዓመት የወርልድ ሲሪስን ዋንጫ ወሰደ። ኳሱ ነክቶ ነበር ወይስ አልነካም የሚለው እስከ ዛሬ ያከራክራል። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ጭብጡ ነው፤ አንድ ምልክት ለሁለት ሰው ሁለት ነገር ሲናገር ክርክሩ የሚመጣው ከኳሱ አይደለም።

ደረጃ 6፦ አፍዎና እጅዎ አንድ ይናገሩ

ኳሱ ከተያዘ የተለመደውን የስትራይክ ምልክት ከነአውቱ ይስጡ፤ ይኸው ነው።

ካልተያዘና መሮጥ የምትችል ከሆነች «ስትራይክ» ብለው ምልክቱን ያሳዩ፣ ወዲያው እጆችዎን ዘርግተው «ኖ ካች!» ይበሉ። «አውት» የሚለው ቃል ከከንፈርዎ እንዳያመልጥ ይጠንቀቁ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ ልጅቷ ከቆመች በኋላ «ማለቴ» ማለት አይሠራም።

ካልተያዘና መሮጥ የማትችል ከሆነች ደግሞ በተቃራኒው ይጩኹ፦ «ባተር ኢዝ አውት! ባተር ኢዝ አውት!» ሁለቴ፣ ሦስተኛ ቤዝ ላይ ያለችው እንድትሰማ አድርገው። ይህን ጩኸት ብዙ ጀማሪ ያፍርበታል። ዝም ሲሉ ግን ካቸሯ ደንግጣ ወደ ፈርስት ትወረውራለች፣ ኳሱ ራይት ፊልድ ይገባል፣ ሯጮቹ ይዞራሉ።

ደረጃ 7፦ ከሮጠች በኋላ

አውት የሆነችው መቺ ሳይገባት ብትሮጥና ካቸሯ ወርውራ ብታበላሽስ? የተከላካዮቹ አሠልጣኝ «ሆን ብላ አታለለችን፣ ኢንተርፌረንስ ነው» ብሎ ይመጣል። በዩኤስኤ ሶፍትቦል መጽሐፍ፣ ያልተያዘ ሦስተኛ ስትራይክ ላይ የሮጠች መቺ በመሮጧ ብቻ አትቀጣም። ሁኔታውን ማወቅ የተከላካዩ ሥራ ነው። ሯጮቹ የደረሱበት ይቆያሉ።

በሕጋዊ መንገድ የምትሮጠው ልጅ በ60 ጫማው መንገድ ሁለተኛ ግማሽ ላይ በኖራ የተሰመረው ባለ 3 ጫማ መተላለፊያ አላት። ካቸሯ ከጀርባዋ ስለምትወረውር ከመተላለፊያው ወጥታ ተቀባይዋን የምታደናቅፍበት አጋጣሚ ከሁሉ የሚበዛው እዚህ ላይ ነው። ባለ ሁለት ቀለሙ ፈርስት ቤዝ ከተተከለ፣ ውርወራው ከፎውል በኩል ሲመጣ ተከላካይዋ ብርቱካናማውን፣ ሯጯም ነጩን መርገጥ ትችላለች። ግራ ተጋብተው እንዳይጋጩ ሕጉ የሰጠው ነፃነት ነው፤ «የተሳሳተ ቤዝ ረገጠች» ለሚል አሠልጣኝ ይህንኑ ይንገሩት።

ሦስቱም ቤዞች ተይዘው ሁለት አውት ከሆነ ካቸሯ መወርወር አያስፈልጋትም፤ ኳሱን አንሥታ ሆም ፕሌቱን ብትረግጥ ፎርስ አውት ነው። ልጆች ይህን ስለማያውቁት ወደ ፈርስት ይወረውራሉ፤ እርስዎ ግን ብትረግጠው ለመጥራት ዝግጁ ይሁኑ። መቺዋ ተስፋ ቆርጣ ሳትሮጥ ዳግአውት ከገባች እዚያው አውት ናት። ሁለት እርምጃ ወደዚያ መራመዷ ብቻ ግን አውት አያደርጋትም፤ እስክትገባ ትመለስ ይሆናል።

መዝገብ ለያዘችው ወላጅም አንድ ቃል ይኑርዎት። መቺዋ ሮጣ ብትደርስም ለፒቸሯ ስትራይክአውት ይጻፍላታል፤ የደረሰችበት ምክንያት፣ መጥፎ ውርወራ ይሁን የካቸሯ መሳት፣ ከጎኑ ይመዘገባል። ስለዚህ በአንድ ኢኒንግ አራት ስትራይክአውት ጽፋ ቢያገኟት ስሕተት መስሎዎት አያሰርዟት።